«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማነው?

ወገን፣ ለሱቄ ለስላሳ ላቀዘቅዝበት ብዬ ከሆሳዕና ፍሪጅ ገዝቼ እስከ ሀደሮ በአይሱዙ አስጫንኩ። በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዙን አቆመ። ስደውል ሻጩ «የእናንተ ከተማ መብራት ነው ያቃጠለው» አለኝ። በዚያው መስመር የጎረቤቴ ፍሪጅ አምስት ዓመት ሠርቷል! ቀጥሎ «ባለሙያው ሰኞ ይመጣል» አለ። ሰኞ ሄድኩ፤ «ሐሙስ» አለኝ። ገንዘቤን መልስ ስለው ግድግዳው ላይ የለጠፈውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ሐሙስ ስልክ አያነሳም።

ይሄ ምልልስ ስንፍና አይምሰላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። «ሰኞ»፣ «ሐሙስ» እያሉ 15ቱን ቀን መብላት ነው ዘዴው! ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ አዋጅ አይሽርም።

ስለዚህ ሲሸጥልህ «ወንድሜ» ያለህን ሁሉ አትመን። ደረሰኝ ሳትይዝ ከሱቅ አትውጣ። ዕቃው ሲበላሽ በስልክ አትለማመጥ፤ ቀኑን ጠቅሰህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ኮፒውን ያዝ፣ እምቢ ካለህ ንግድ ጽሕፈት ቤት ክሰሰው። እኔ ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። ነገ ጠዋት ማመልከቻዬን ይዤ ሆሳዕና ነኝ።