ከጋራዡ በስተጀርባ መምህር ነበረ

ስለ ስታርትአፕ፣ ማለትም አነስተኛ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ስለማቋቋም ሲነሣ አንዳንዶቻችን «የኢንጂነርና የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጠመኔ ያዦችን ምን አገባን?» እንላለን። ያገባናል እንጂ! እንዴት ቢሉ፣ አንድ የታወቀ ታሪክ እንመልከት።

ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ ሲመሠረት መነሻ ገንዘቡ 538 ዶላር፣ ወርክሾፑም የመኖሪያ ቤት ጋራዥ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ያወራዋል። የሚረሳው መምህሩ ነው። ቢል ሂውሌትንና ዴቪድ ፓካርድን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ተርማን ተማሪዎቻቸውን በአካባቢው ወዳሉ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅቶች እየወሰዱ ሥራውን በዓይናቸው ያሳዩአቸው ነበር። ፓካርድ ርቆ ተቀጥሮ ሳለም የትምህርት ድጎማ ፈልገው በ1938 አስመለሱት፤ ሁለቱም የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ ገፋፏቸው።

የመጀመሪያ ምርታቸው የድምፅ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ ሲሆን፣ የተነሣውም ከሂውሌት የመመረቂያ ጥናት ነው። ብልሃቱስ? ትንሽ አምፖል! የአምፖሉ ክር ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በዚህም ሞገዱ ከልኩ እንዳያልፍ ይገታዋል። የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ «ፋንታሲያ» ለተባለው ፊልም ሥራ ስምንት መሣሪያዎች ገዛቸው።

ልብ በሉ! የጋለ ክር ሬዚስታንስ መጨመሩን እኛም ነገ በክፍል ውስጥ እናስተምራለን። ታዲያ ይኸው እውቀት በአንዱ ዘንድ ምርት ሲሆን በሌላው ደብተር ላይ የሚቀረው ለምንድን ነው?

«ስታንፎርድና የኛ ትምህርት ቤት አንድ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ገንዘብና ገበያ ያስፈልጋል፤ ከተቋቋሙት ኩባንያዎችም ብዙዎቹ ይከስራሉ። መምህር ብቻውን ኩባንያ አይፈጥርም። ነገር ግን ተማሪን ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኙ ዘንድ፣ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት ወስዶ ማሳየት ምን ዶላር ይጠይቃል? የተበላሸ ሬዲዮ የፈታውን ልጅ ከመቆጣት ይልቅ «ምን አገኘህበት?» ብሎ መጠየቅስ? እንዳይሰበር ተብሎ የተቆለፈበት የሳይንስ መሣሪያ ሳይሰበር ያረጃል እንጂ ማንንም አያስተምርም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በማስተማር ልምምዱ ወቅት ቢያንስ አንድ ትምህርት ነገሩ በተግባር ከሚሠራበት ቦታ ወስዶ ያስተምር። መምህራኖቻችንም ማርክ ይስጡበት። ማርክ የሌለው ነገር እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለንና!