አቦቦ የባዮሎጂ ጣቢያ ይገባታል
ለጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትና ሴኔት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአቦቦ ነው፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂና የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪዎች በተግባር የሚማሩበት የመስክ ጣቢያና ቤተ ሙከራ አቦቦ ላይ ይክፈት። ከጋምቤላ ከተማ ወደዚህ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ዓለም በዓይነ ቁራኛ የሚከታተለው ሳይንስ አለ፤ የአካባቢው ልጅ ግን ሳይንሱን የሚያውቀው ከውጭ ሆኖ ነው።

ከጊኒ ዎርም ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህ በሽታ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው ዓለም የተመዘገቡት ሕሙማን 14 ብቻ ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1994 ብቻ 1,252 ሰዎች ታመውበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ መጥቶ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 በ15 ሰዎች፣ በ2020 ደግሞ በ11 ሰዎች ላይ ታይቷል። በኢትዮጵያ አልጠፋም ብሎ የተሸሸገው በጎግና በእኛው በአቦቦ ወረዳ ነው።

ክትባት የለውም፤ መድኃኒትም የለውም። ሰው ያልተጣራ የኩሬ ውኃ ሲጠጣ የትሉን እጭ የተሸከሙ፣ ሳይክሎፕስ የሚባሉ ደቃቅ የውኃ እንስሳትን አብሮ ይውጣል። ዓመት ገደማ ቆይቶ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ሴቴ ትል፣ ብዙ ጊዜ በእግር በኩል፣ ቆዳውን በስታ ትወጣለች። ሕመምተኛው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን ውኃ ውስጥ ሲነክር ትሏ እጮቿን እዚያው ትረጫለች፤ ኩሬውም እንደገና ይበከላል። ሕክምናው ትሏን በትንሽ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ይህን ሁሉ የአቦቦ ሕፃን ያውቀዋል።

የሚያስጨንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሰው ላይ ሲቀንስ ትሉ በውሻ፣ በድመትና በጫካው ዝንጀሮ ላይ ተገኘ። ዝንጀሮ እንዴት ተያዘ? ከጫካ ኩሬ ጠጥቶ ነው ወይስ ዓሣና እንቁራሪት በልቶ? ከዝንጀሮ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ሰው የሚሄደው በየትኛው ውኃ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመረምሩ ሰዎች ከሩቅ አገር ድረስ ይመጣሉ፤ ከሰው የወጣ ትል ደግሞ ማንነቱ የሚረጋገጠው አሜሪካ፣ አትላንታ በሚገኘው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ውሻ የሚያስረው፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚቀብረው፣ ኩሬ ለኩሬ እየዞረ ኬሚካል የሚጨምረው፣ ጥርጣሬ ሲኖር ሌሊት ተነስቶ የሚያመለክተው ግን የመንደሩ ሰው ነው። ትሉን የያዘው እጅ ማይክሮስኮፑን እንዲይዝ ማድረግ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ አክሊሉ ለማ ለቢልሃርዚያ ጥናት አድዋ ወርዶ ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ወንዝ ዳር ቆሞ ባይመለከት ኖሮ ያ ግኝት አይገኝም ነበር። ለዚሁ ሥራ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል። አቦቦ ውስጥ አልዌሮ ወንዝና ግድቡ፣ ኩሬዎቹ፣ ዓሣው፣ ጫካው ሁሉ አለ። ቆሞ የሚመለከት የሠለጠነ ልጅ ነው የጎደለን።

ጥያቄዬ ለአንድ ትል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የእንቅልፍ በሽታ በሰው ላይ ተገኝቶ ነበር። ወባ ደግሞ የዕለት ኑሯችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ አንዳንድ የፋልሲፓረም ጥገኛ ተውሳኮች በፈጣን መመርመሪያ የሚያዙበትን ዘረመል እያጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ መመርመሪያው «የለም» ሲል ሰውየው ግን ታሟል። በሰሜኑ ጎላ ብሎ የታየው ይህ ነገር በእኛ ዘንድ አነስተኛ ነበር። እንደዚያው ይቆይ እንደሆነ ማን ይከታተላል?

«ተማሪ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ያመኛል። ነገር ግን በብዙ የወረዳ ትምህርት ቤቶች ማይክሮስኮፕ የሚታወቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተሥሎ ነው። ሕዋስን አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ሕዋስ ክፍሎች ሸምድዶ ይፈተናል፤ ፈተናው ሲያልቅም ይረሳዋል። ጣቢያው ቢኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሩን ይከፍታል፤ አንዲት ጠብታ የኩሬ ውኃ በሌንስ ሥር ያየች ልጅ ባዮሎጂን የምታጠናው በሌላ ልብ ነው።

ገንዘብ ትንሽ መሆኑንም አውቃለሁ፤ በአካባቢው የሰላም መደፍረስ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለም ኖሬበት አይቻለሁ። ስለዚህ ትልቅ ሕንፃ አልጠይቅም። ሁለት ክፍል፣ የፀሐይ ኃይል፣ ጥቂት ማይክሮስኮፖች፣ ናሙና ማቆያ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ቋሚ ቴክኒሺያን ይበቃል፤ ቴክኒሺያኑም አኙዋክኛ የሚናገር የዚሁ ወረዳ ልጅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የመንደር ሽማግሌ ስለ ኩሬው የሚያውቀውን የሚነግረው በቋንቋው ለሚያናግረው ነው። ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ስምምነት ፈርማችሁ፣ ከዚህ የሚሰበሰብ ናሙና ድርሻው ለማስተማሪያ እዚሁ እንዲቀር አድርጉ። ተመራቂ ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጥናታቸውን በአቦቦና በጎግ ኩሬዎች፣ ውሾችና ትንኞች ላይ ይሥሩ፤ ውጤቱንም ለጤና ጣቢያውና ለቀበሌው መጥተው ያስረዱ።

ክረምቱ ከመበርታቱ በፊት ከሴኔቱ ሁለት ሦስት ሰው ልካችሁ ቦታውን ብታዩ መልካም ነው። መንገዱ ያኔ ያስኬዳል፤ ኩሬዎቹን የሚያሳዩ በጎ ፈቃደኞችም በየመንደሩ አሉ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህር፣ አቦቦ