ለውሻና ለድመት ጥሬ ሥጋ፤ በላ ልበልሃ

ከልኳንዳ የመጣ ሥጋና የሆድ ዕቃ ለውሻና ለድመት እንዳለ ይሰጥ ወይስ ድስት ይግባ? ውሻና ድመት የሚያሳድጉ አንድ አንጋፋ ጸሐፊ «እንዳለ» ይላሉ፤ አንዲት የእንስሳት ሐኪም «ድስት ይግባ» ይላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይብሉ!

ግቢዬ ያለው ውሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ድመቷም እንዲሁ። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያኮሳትሩብኝ አብዛኞቹ ቅዳሜ ከሰዓት ልኳንዳ ቤት ተቀምጠው ዳቢቱን በአዋዜ የሚያጣጥሙ ሰዎች ናቸው። ለራሳቸው ሲሆን ቁርጥ ጤና ነው፤ ለውሻው ሲሆን በሽታ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ኮሶ እንደሚይዘው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እናውቃለን፤ መድኃኒቱንም ከዛፉ ቀጥፈን ስንጠጣ ኖረናል። ያ ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ታዲያ አድጎ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ ውሻን አይዘውም። በዚህ በኩል ከሆነ ከኔና ከውሻዬ መስጋት ያለብኝ እኔው ነኝ።

ከድመት ልጀምር፤ እዚህ ላይ ክርክሩ አጭር ነው። ድመት እህል የሚፈጭ መንጋጋ የላትም፤ ጥርሷ ሁሉ ለመያዝና ለመቆራረጥ የተሠራ ነው። እኛ ከካሮት ቫይታሚን ኤ እናወጣለን፤ እሷ አትችልም፤ ከጉበት ማግኘት አለባት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገርም ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከምግቧ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። የዓይኑ ነገር በ1975 ታወቀ። የልቡን ደግሞ በ1987 በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳዩ። እነዚያ ልባቸው የደከመ ድመቶች ምን ሲበሉ ነበር? ከገበያ የተገዛላቸውን የፋብሪካ ምግብ! ፋብሪካዎቹ ታውሪኑን አስተካክለው የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈራችን ድመት አይጧን ይዛ ስትበላ ይህ ሁሉ አብሮ ይገባላታል፤ ቀቅላ ስትበላ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ለውሻስ? የውሻ ብስኩት ጄምስ ስፕራት በ1860 ገደማ ለንደን ላይ ለገበያ ያወጣው ነገር ነው። ውሻ ከሰው ጋር የኖረው ግን ከዚያ በፊት በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንግኸርስት በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሉትም ይህንኑ ነው፦ ሥጋ ያለበት ጥሬ አጥንት፣ የሆድ ዕቃ፣ ጥቂት አትክልት ስጡት። ፋብሪካን ማመን ይሻላል ለሚሉኝ የ2007ቱን አስታውሳቸዋለሁ። ከቻይና በመጣ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን ተቀላቅሎ በሰሜን አሜሪካ ስንትና ስንት ውሻና ድመት ኩላሊቱ ተበላሽቶ ሞተ፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ወደ 60 ሚሊዮን ጣሳና እሽግ ከገበያ ተሰበሰበ።

«ይቀቀል» የሚሉት ደግሞ የኛን ቤት ድስት አያውቁትም። በኛ ቤት ቅቅል ቅቅል ሆኖ አይቀርም። የውሻው ሳህን ላይ የሚገለበጠው የወጥ ትራፊ ነው፤ ወጥ ማለት ደግሞ ግማሹ ቀይ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስሉ እንኳ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የዶሮ ወጡ አጥንት ደግሞ በስሎ ስለደረቀ እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ይህን በየቀኑ የሚሰጥ ሰው ነው እኔን «ተጠንቀቅ» የሚለኝ።

እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ቄራ መርምሮ ማኅተም የመታበትን ሥጋ በዕለቱ እገዛለሁ። ለውሻው ጎድን ከነሥጋው፣ ልብ፣ ጨጓራ፣ ጥቂት ጉበት፣ ርካሽ ስለሆነም ሳንባ። ለድመቷ ልብና ጉበት። ከውጭ የሚመጣው የፋብሪካ ምግብ ዋጋው ጣራ ነክቷል። ይኸኛው ከአገር ሥጋ የሚገኝ፣ የምናውቀው ምግብ ነው።

ድስት ይግባ

ጋሼ፣ በሽንኩርቱ እስማማለሁ፤ በበሰለው አጥንትም። ስለ ቁርጡም አልሟገትዎትም። የሚበሉት እርስዎ፣ ቢታመሙም የሚታመሙት እርስዎ ነዎት። ውሻ ግን ጥሬ በልቶ ራሱ ደህና ሆኖ ሌላውን ሊያሳምም ይችላል። ሙግቴ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

«ርካሽ ስለሆነም ሳንባ» ብለው ያለፏትን ልያዛት። በአገራችን ቄራዎች የበሬ፣ የበግ፣ የግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ማግኘት ለሥጋ መርማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች ናቸው። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ ራሶቹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ትል ይሆናሉ። አንድ ውሻ በሺህ የሚቆጠር እንዲህ ያለ ትል ተሸክሞ ጠጉሩ ሊያበራ፣ ሆዱ ሊሞላ፣ ሌሊት ሊጮህ ይችላል፤ ምንም አይታይበትም። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ አፈር ላይ ይቀመጣል፣ የጓሮ ጎመን ላይ ያርፋል። ልጅ ውሻውን ያሻሽና በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። እንቁላሉ ልጁ ሆድ ውስጥ ይፈለፈላል፤ በደም ተሳፍሮ ጉበት ወይም ሳንባ ይደርስና ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ከበሬው ሳንባ ላይ የነበረው ከረጢት አሁን ሰው ውስጥ ነው። ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ሊገድል ይችላል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮችና ከድንበር ማዶ በቱርካና ሕዝብ ዘንድ ይህ በሽታ ያደረሰው ጉዳት በዓለም ከታወቁት ከባዶቹ አንዱ ነው።

ይህን ያሸነፉ አገሮች ምን አደረጉ? አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ ክፉኛ ተጠቅታ ነበር። ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራቤ በ1863 ወደዚያ ሄዶ ነገሩን አጠና፤ ሕዝቡ እንዲያነብበውም በጽሑፍ ተሰራጨ። ገበሬው ከእርድ የተረፈውን የሆድ ዕቃ ለውሻ መወርወር ተወ፤ በሽታውም ጠፋ። ኒውዚላንድ በ1959 ሕግ አወጣች፤ በ2002 ለጊዜውም ቢሆን ከበሽታው ነጻ መሆኗን ለማወጅ በቃች። ዋናው ሥራ ጥሬ የሆድ ዕቃን ከውሻ አፍ ማራቅና ለውሻው የትል መድኃኒት መስጠት ነበር። ጋሼ እንደ አዲስ ምግብ የሚያቀርቡልን እነዚያ አገሮች አንድ ትውልድ ሙሉ ሲከለክሉት የኖሩትን ነው።

ስለ ባክቴሪያው አላበዛም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከ2010 እስከ 2012 ለውሻና ለድመት የሚሸጡ 196 የጥሬ ምግብ ናሙናዎች መርምሮ በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ሊስቴሪያ አገኘ። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻም ሳልሞኔላን በዓይነ ምድሩ ሊያወጣ፣ በምላሱም ልጅዎን ሊያስነካ ይችላል። ሥጋው የተከተፈበት ቢላና መክተፊያ ደግሞ ወዲያው ቲማቲም ይከተፍበታል። በፖላንድ በ2023፣ በኦሪገን በ2024 በወፍ ጉንፋን የሞቱ ድመቶችም ነበሩ፤ የኦሪገኗ የበላችው ጥሬ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ቫይረሱ ተገኝቶበታል፤ በፖላንዱም ጥሬ የዶሮ ሥጋ ተጠርጥሯል።

አሁን ወደ ውሻው ጥቅም። ክሊኒክ ከሚመጡልኝ እግራቸው የተጣመመ ቡችሎች ውስጥ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው የሚሳሱላቸው ናቸው፤ «ከቀይ ሥጋ ሌላ አልሰጠሁትም» ይሉኛል፣ ኩራት ባለው ድምፅ። ቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ የቡችላው ሰውነት ካልሲየም የሚበደረው ከገዛ አጥንቱ ነው። የውሻ አንጀትም የተኩላ አንጀት አይደለም። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት ስታርች የሚፈጨው ጂን በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲሆን በውሻ ከአራት እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ውሻ ከኛ ጋር እየኖረ እህል መብላት ለምዷል፤ እንጀራውንና ድንቹን አይከልክሉት።

ታውሪኑን በተመለከተ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ለድመት የግድ ነው፤ በቅቅል ጊዜም ወደ ውኃው ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ልቡን በጥቂት ውኃ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ቀቅለው መረቁን አብረው ይስጧት።

የጥሬው ወገን መልስ

ዶክተር፣ ሳንባውን ይውሰዱት። በከረጢቱ ነገር አልከራከርም። ግን ውሻን ሁሉ የሚበክለው እኔ በማኅተም የምገዛው ሥጋ ነው? ለፋሲካ፣ ለገናና ለአረፋ በየግቢው በግ ይታረዳል፤ መርማሪ የለም። ሳንባውና ጨጓራው በማግስቱ ከአጥር ውጭ ተጥሎ የሰፈር ውሻ ይሻማበታል። ትሉ የሚዞረው በዚያ በኩል ነው። የእኔ ውሻ በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል ይወስዳል፤ ከግቢም አይወጣም።

ደግሞ ከረጢቱ በብርድ ይሞታል። ፍሪዘር ውስጥ ለቀናት የቆየ ሳንባ ለውሻ ትል አይሰጥም። ጎድኑና ልቡስ ምን በደሉ? የፖላንዱን የወፍ ጉንፋን እኔ ግቢ ለማስገባት መንገዱ ሩቅ ነው፤ እኔ ከበሬ እንጂ ከቱርክ ዶሮ ጋር ምንም የለኝም። ለቡችላው አጥንትም ዶክተር ራሳቸው መልሱን ሰጥተዋል፦ ካልሲየም የጎደለው ቀይ ሥጋ ብቻውን ሲሰጥ ነው። እኔ ጎድኑን ከነአጥንቱ ነው የምሰጠው። በሽታ ያለበትን ቁራጭ ስናወጣ ጥሬውን በሙሉ ማውገዝ አግባብ አይደለም።

የሐኪሟ መልስ

የበዓሉ ነገር እውነት ነው፤ ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ፍሪዘሩም ቢሆን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ለቀናት ሳያቋርጥ ሲሠራ ከረጢቱን ይገድላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሥጋው ቀልጦ ሲረጋ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሳልሞኔላን ደግሞ ብርድ አይገድለውም፤ አሳድሮ ያቆየዋል።

ጎድኑን በተመለከተ በየሦስት ወሩ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ቢላውን በበረኪና የሚያጥብ፣ ሕፃንም ነፍሰ ጡርም በቤቱ የሌለ ሰው ቢያደርገው እንቅልፍ አላጣበትም። ጥርስ ግን ልንገርዎት፤ ጠንካራ አጥንት ሲሰብር የላይኛው ትልቁ መንጋጋው የተሰነጠቀ ውሻ አክሜአለሁ፤ ያ ሥራ ማደንዘዣ ይጠይቃል። ድመቷም ጥሬ በልታ ቶክሶፕላዝማ ቢይዛት ለአንድ ሁለት ሳምንት ያህል እንቁላሉን ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣለች፤ ያ ለፅንስ አደገኛ ነው። ቤትዎ ምራት ካለች ይህን ይንገሯት።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ጥሬው ከተራ ቅቅል ምን አስበልጦ ሰጠ? የጠጉር ማብራት ቅባት ካለ በቅቅልም ይመጣል። እስከዚያው ድረስ ለበዓል የሚያርድ ሁሉ የበጉን ሳንባና ጉበት ሳይጥለው ያገላብጠው፤ ከረጢት ካየበት ያቃጥለው፣ ካልቻለም ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ይቅበረው። ንጹሕ የመሰለውንም ግማሽ ሰዓት ይቀቅለው። የጋሼን ጎድን አልፌዋለሁ፤ ሳንባውን ግን አላልፍም።