ወፏን ተዋት፣ ፎቶው ይቅርብህ!

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ምፑማላንጋ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ዱልስትሩም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ብርዷ የእኛን ደብረ ብርሃን የሚያስታውስ ከተማ ናት። ከጆሃንስበርግ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆነች ቅዳሜና እሑድ እንግዳ አያጣትም። እንግዳው ሁለት ዓይነት ነው፤ መንጠቆ የያዘና ካሜራ የያዘ። ባለ መንጠቆው ዓሣውን ያጥምድ፤ እሱን ዛሬ አልነካውም። የዛሬው ነገሬ ከባለ ካሜራው ጋር ነው።

ባለ ካሜራው ሁሌም አንድ መከራከሪያ አለው። «እኔ አዳኝ አይደለሁም፤ የያዝኩት ጠመንጃ ሳይሆን ሌንስ ነው፤ ማንን ጎዳሁ?» ይላል። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው።

በከተማዋ ዙሪያ ያለው ሣራማ ደጋና ረግረግ ለወፍ ወዳጅ ገነት ነው። ቬርሎረን ቫሌይ የተባለው ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2001 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች ተርታ ተመዝግቧል። በደቡብ አፍሪካ የሚገኙት ሦስቱም የክሬን ዝርያዎች እዚያ ይራባሉ። ሰማያዊዋ ክሬን የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ናት። አክሊል የደፋችውም አለች። ሦስተኛዋ ከጉንጯ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልባት ትልቋ ክሬን ናት፤ ይቺኛዋ በእኛም ባሌ ተራሮች ላይ ትገኛለች። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወቅት የምታሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሰው «ትንሽ ቀረብ ልበል» ብሎ ከጎጆዋ ካስነሳት እንቁላሉ በብርድ ይቀራል፣ ወይም ቁራ ይበላዋል። የዓመቱ ልፋት ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ጠመንጃ ግን አልተተኮሰም!

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን አይደል? ይሄዳል፤ ካልረገጥነው።

ሁለተኛው ጉድ የድምፅ ነገር ነው። ድሮ የወፍ ድምፅ ለማጫወት ቴፕ መሸከም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ የወፉን ጩኸት ከፍቶ ቁጥቋጦው ሥር ያስቀምጠዋል። ወንዱ ወፍ ሌላ ወንድ ግዛቱን የወረረበት መስሎት ሚስቱንና ጎጆውን ትቶ ለጠብ ይወጣል። ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! አንዱ ሄዶ ሌላው ይመጣል፤ ያው ድምፅ፣ ያው ማታለል። ወፉ ቀኑን ሙሉ ከሌለ ጠላት ጋር ሲጣላ ይውላል። መብላት የነበረበት፣ ጫጩቶቹን መጠበቅ የነበረበት ሰዓት ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኛንም በቀጥታ የሚመለከተን ይሄ ነው። ከዱልስትሩም ብዙ ሳይርቅ ሚድልፑንት የሚባል ረግረግ አለ። እዚያ ቄጠማ ውስጥ የምትኖረው ክንፈ ነጭ ፍላፍቴል (በሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ) ከዶሮ እንቁላል የምትቀል፣ ከሰው ዓይን የምትሰወር ወፍ ናት። ለሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። በ2013 ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ገባች። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። መራቢያዋ ለረጅም ጊዜ የታወቀው የት ነበር? እኛ ዘንድ! ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ። በእኛ ክረምት በርጋ ላይ ትፈለፍላለች፤ በእነሱ የዝናብ ወቅት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ትታያለች። ስለዚህ «ከእነዚያ ወደዚህ የምትመላለስ ናት» ሲባል ኖረ።

ይቺን ወፍ ለማየት የተለመደው መንገድ ምን ነበር መሰላችሁ? ሰዎች በረድፍ ሆነው ረግረጉን እየረገጡ ያስነሷታል። ብርር ትልና ጥቂት ሜትር በርራ ተመልሳ ትወድቃለች። ይኼው ነው። የሚታየው ጀርባዋና የክንፏ ነጭ ብቻ፤ ስለ ኑሮዋ የሚታወቅ ነገር የለም።

ከዚያ የወፍ ጥበቃ ባለሙያዎቹ ዘዴውን ቀየሩ። ሰውን ከረግረጉ አስወጥተው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎችን ቄጠማው ውስጥ ተከሉና ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሜራዎቹ ማንም ያልጠበቀውን አሳዩ፤ እናት ከነጫጩቶቿ! ወፏ ደቡብ አፍሪካም ውስጥ እንደምትራባ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋገጠ። የሰው እግር ስንት ዘመን ረግጦ ያላገኘውን፣ የሰው አለመኖር አገኘው። «ለማየት መቅረብ አለብኝ» ለሚለው ሁሉ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ተቃውሞው ይገባኛል። «ፎቶ አንሺው ባይመጣ ገንዘቡ አይመጣም፤ ገንዘቡ ካልመጣ ረግረጉ ወይ ይታረሳል ወይ ለድንጋይ ከሰል ይቆፈራል» ትሉኛላችሁ። ትክክል! ምፑማላንጋ የደቡብ አፍሪካ የከሰል ቋት ነው፤ ስጋቱ የወሬ አይደለም። ሰው ያላየውን አይወድም፣ ያልወደደውን አይጠብቅም የሚለውም ሚዛን ይደፋል። እንዲያውም የሚድልፑንትን ረግረግ ለመጠበቅ የተቋቋመው ማኅበር እኛ አገር ድረስ መጥቶ ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረድቷል። የወፍ ፍቅር ድንበር ተሻግሮ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍቅር ማን ይጠላል?

ግን ፍቅርና ጉጉት አንድ አይደሉም። እኔ ካሜራው ይሰበር አላልኩም። ከመኪናህ ሳትወርድ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ወይም ለወፍ መመልከቻ ከተሠራው ጎጆ ውስጥ ቁጭ ብለህ የምታነሳው ስንትና ስንት ወፍ አለ! ወፉ ራሱ ወዳንተ ሲመጣ የሚነሳው ፎቶ ደግሞ ያምራል፤ ምክንያቱም ወፉ አልደነገጠም። የደነገጠ ወፍ በፎቶም ያስታውቃል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ ለመጥፋት ለተቃረበ ወፍ ድምፅ ማጫወት ይቅር። ሁለተኛ፣ የጎጆ ፎቶ አይለጠፍ፤ ቦታውም አይነገር። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከሆቴሉና ከሬስቶራንቱ አልፎ ከከተማዋ ጎን ባለችው ሳክሄልዌ ለሚኖረው ወጣት ይድረስ። አስጎብኚ ሆኖ የሚበላበት ሰው ረግረጉን ከማንም በላይ ይጠብቃል። አራተኛ፣ ፍላፍቴል ያለችበት ረግረግ ለተተከሉት ካሜራዎችና ለባለሙያዎቹ ይተው።

ለእኛም ይኼው ነው። በርጋ ላይ ከብቱም ሣር አጫጁም የሚፈልገው ያንኑ ረግረግ ነው። ገበሬውን «ከብትህን መልስ» የምንለው ከሆነ፣ ካሜራ አንግቦ ከአዲስ አበባም ከአውሮፓም የሚመጣውን እንግዳ «እግርህን መልስ» ማለት ሊያሳፍረን አይገባም። ሕጉ ለድሃው ብቻ ከሆነማ ምኑን ሕግ ሆነ?

ከ250 የማይበልጡ ወፎች ያንተን ፎቶ አልጠየቁም። የጠየቁት ቄጠማ፣ ውኃና ትንሽ ጸጥታ ነው። ከሦስቱ ጸጥታው በነጻ ነው፤ እሱን እንኳ አንንፈጋቸው።

ቸር ያሰንብተን።