የሸለምነው ዘፈኑን እንጂ ቅጂውን አይደለም

ደብረ ታቦር ውስጥ አንዱ አዝማሪ ቤት ግቡና ማሲንቆው ሲጀምር ዙሪያችሁን እዩ። ግማሹ ሰው ያጨበጭባል፣ ግማሹ ስልኩን ደግኗል። በጥር ሠርግም ከፋርጣ እስከ ላይ ጋይንት ያው ነው። በማግስቱ ቪዲዮው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱም በፍላሽ ተጭኖ ይሸጣል። የአዝማሪው ስም ግን የለም።

ይሄን ስናነሳ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፦ «ሸልሜዋለሁ እኮ! ግንባሩ ላይ ብር ለጥፌ ደግሞ ምን ልሁን?»

ሕጉ እንዲህ አይልም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አዝማሪው «ከዋኝ» ነው። ክዋኔው እንዲቀረጽ፣ ቅጂው እንዲባዛና እንዲሠራጭ የመፍቀድ መብት የእሱ ነው፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይቆያል። ለግል መጠቀሚያ ብቻ የሚሆነውን አዋጁ አይከለክልም። ስለዚህ ቀርጻችሁ ቤታችሁ ብታዩት ችግር የለም። ቻናል ላይ መልቀቅና መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

እኔ ማንም ወጣት በአንድ ቪዲዮ 5 ዓመት ይታሰር አልልም። ደግሞስ ማን ይከሳል? በየምሽቱ በሽልማት የሚያድር ሰው ጠበቃ ቀጥሮ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይታየኝም። ለዚህ ነው ነገሩ ከሕጉ ይልቅ በእኛ እጅ ያለው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በገበያ ዓይን አየዋለሁ። አብዛኛው አዝማሪ አልበም የለውም፤ የሚሸጠው ምሽቱን ነው። «ቪዲዮው ያስተዋውቀዋል» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ስሙና የሚገኝበት ቦታ ካለበት። «ምርጥ የጎንደር አዝማሪ» ብቻ ተብሎ የወጣ ቪዲዮ የሚያስተዋውቀው የቻናሉን ባለቤት ነው።

ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አዝማሪ ሰምና ወርቁን የሚያወርደው እዚያ ቤት ለተቀመጠው ሰው ነው። ባለሀብቱን ወይም ሹሙን ሸንቆጥ የምታደርግ ስንኝ ቤት ውስጥ ሳቅ ናት። 20 ሰከንድ ተቆርጣ ስትወጣ ግን ጠብ ልትሆን ትችላለች፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ከጠብም ያለፈ። ይሄን የሚያውቅ አዝማሪ ስልክ ሲያይ ምላሱን ይሰበስባል። ያኔ የሚቀረን ሙገሳ ብቻ ነው።

መቅረጽ ሁሉ ይቅር እያልኩ አይደለም። አሜሪካዊው ባንድ ግሬትፉል ዴድ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮንሰርቶቹ ላይ ለሚቀርጹ አድናቂዎች የተለየ ቦታ ይሰጥ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፦ ተለዋወጡ፣ አትሽጡ። ዋናው ነገር ፈቃዱ የመጣው ከሙዚቀኞቹ መሆኑ ነው።

እኛም ይሄ አያቅተንም። ከመቅረጻችሁ በፊት «ጋሼ፣ ልቅረጽ? ልልቀቀው?» በሉ። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እሺ ካለ ስሙን ጻፉ፤ ከፈቀደ የቴሌብር ቁጥሩን ከቪዲዮው ሥር አድርጉት። ውጭ አገር ሆኖ በናፍቆት የሚያየው ሰው ከዚያው መሸለም ይችላል። አይሆንም ካለ ደግሞ ስልኩን ኪስ ከትቶ ማጨብጨብ ነው። እጅ የተሰጠን ለዚያም ጭምር ነው።