ውሻውም ግልገሉም የጋራ ጉዳያችን ነው

ርዕሰ አንቀጽ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ ጽዳትና ስለ ሌሊት ጥበቃ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዱ ቀላል ይመስል ይሆናል። በየግቢያችን ስለምናሳድጋቸው እንስሳት ነው። «ግቢው የራሴ፣ ውሻው የራሴ፣ ማን ምን አገባው?» የሚል ነዋሪ አይጠፋም። ነገር ግን ውሻው አጥር ዘሎ የጎረቤት ልጅ የነከሰ ዕለት ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ከዱር የተያዘ የአቦሸማኔ ግልገልም በካርቶን ታሽጎ በደጃችን ሲያልፍ እያየን ዝም ካልን፣ ነገሩ በሻጭና በገዢ መካከል ብቻ መሆኑ ይቀራል። እኛም አለንበት ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውሻ እንነጋገር። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። በእኛም አካባቢ ሥራ አለው። ሌሊት ጅብ ወደ ፍየሎች በረት ሲጠጋ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ሱቅና መጋዘን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን በሃይማኖታቸው ምክንያት ውሻን ወደ ቤት አያስገቡም። ይሁን እንጂ ለመንጋ ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን የሚያገለግል ውሻ በእስልምናም ተለይቶ የሚታይ ስለሆነ፣ በውሻ ማሳደግ ላይ ከማንም ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ከሚለቁት ጋር ነው። ለሶላት ተዘጋጅቶ የወጣ ሰው በመንገድ ላይ የእገሌ ውሻ ልብሱን ሲልሰው፣ ተመልሶ ለመታጠብ በጀሪካን የተገዛ ውሃ ማፍሰስ ግድ ይሆንበታል። ይህ በሳቅ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጎረቤትን ማክበር ከዚህ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በውሻው ምራቅ ውስጥ ያለ ቫይረስ ሲሆን፣ በንክሻ ወይም የቆሰለ ቆዳን በመላስ ወደ ሰው ይገባል። ሕመሙ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሣል፤ በሳምንት ጊዜ የሚነሣበትም፣ ዓመት ድረስ የሚቆይበትም አለ። ብዙዎችን የሚያዘናጋው ይኸው ነው። ልጁ ተነክሶ ቁስሉ ይድናል፣ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ቤተሰቡም «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ግን ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ለሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ሲያይ ይሮጣል፣ ወይም ድንጋይ ይወረውራል፣ ወይም ቡችላውን ሊያቅፍ ይጠጋል። በሦስቱም መንገድ ይነከሳል።

መድኃኒቱ ግን አለ፤ የሚጀምረውም ከቤት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ አለበት። እዚህ ላይ ውሃ አይቆጠብም። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጠየቅ ነው፤ እዚያ ካልተገኘ ወደ ጅግጅጋ ሪፈር ማስጻፍ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ከልጅ ሕይወት አይበልጥም። ቅጠል መቀጥቀጥና በርበሬ መነስነስ ጊዜ ከማባከን በቀር ቫይረሱን አይገድሉትም። በሽታው ከምንጩ የሚቆመውም ውሾችን በመከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ውሻውን ሲያስከትብ የሚጠብቀው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ቤት አልፎ ያለውንም ልጅ ነው።

ሕመሙ ዱሩንም ያጠፋል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቁጥር የቀረው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ በእብድ ውሻ በሽታ አልቋል። በሽታውን ወደ ተራራው ያደረሱት የሰው ውሾች ናቸው። ያልተከተበ ውሻ የሚያደርሰው ጉዳት ከመንደር ውጭም እንደሚዘልቅ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። በአካባቢያችን የሚዳቋ ግልገል፣ ኤሊ ወይም የሰጎን ጫጩት ከዱር አምጥቶ በግቢ ማሳደግ እንደ ጨዋታ የሚታይበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን በሶማሌኛ «ሀረምዓድ» የምንለው የአቦሸማኔ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ወደ 7,000 ይገመታሉ። ከእኛ ክልልና ከአጎራባች አገሮች እየተያዙ በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል በጀልባ ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሻገሩ ግልገሎች በርካታ ናቸው። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት ለዓመታት ሲጠቅሰው በቆየው ግምት ቁጥራቸው በዓመት ወደ 300 ይደርሳል፤ ብዙዎቹም በመንገድ ላይ ይሞታሉ። የሚፈለጉት ለምንድን ነው? በሀብታም ግቢ ታስረው፣ በመኪና ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶ እንዲነሡ ነው።

ግልገል አቦሸማኔ እስከ 18 ወር ገደማ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ማደንን የሚማረው ከእሷ ነው። በ3 ሳምንቱ ወይም በወሩ ከጉያዋ ሲነጠቅ የሚሰጠው የፍየል ወተት ብዙ ጊዜ ሆዱን ያውከዋል። ካደገ በኋላም አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ሲበላ አጥንቱ ይልፈሰፈስና እግሩ ይጣመማል። በሰው እጅ ያደገ አቦሸማኔ ቢለቀቅ እንኳ አድኖ መብላት አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን እስረኛ ነው። ከሀርጌሳ ወጣ ብሎ ጌድ ዴብሌ በሚገኘው የዚሁ ድርጅት ማዕከል ከነጋዴዎች እጅ የተያዙ በርካታ አቦሸማኔዎች የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችንም ሆለታ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» የሚባለው ማዕከል በሰው እጅ የተንገላቱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ማረፊያ ነው።

«ነገሥታቱስ አንበሳ ያሳድጉ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ያሳድጉ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንበሶች ነበሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ሲቋቋምም የቤተ መንግሥት አንበሶች ገቡበት። ነገር ግን ለአንበሶቹ ጠባቂ ተቀጥሮ ነበር፣ ሥጋም በየዕለቱ ይቀርብ ነበር። ደግሞስ ንጉሡ በየሄዱበት አብራቸው የነበረችው አንበሳ ሳትሆን ሉሉ የተባለች ትንሽ ውሻ ነበረች! ከሰው ጋር መኖር የሚስማማው የትኛው እንስሳ እንደሆነ ይህ ራሱ ይነግረናል። የሐረር ጎረቤቶቻችንን ደግሞ ተመልከቱ። ከጅብ ጋር ሲኖሩ ዘመን ቆጥረዋል፤ ሲመሽ ከከተማው ግንብ ዳር ሥጋ ይሰጡታል፣ እሱም በልቶ ወደ ዱሩ ይመለሳል። ጅቡን በገመድ አስሮ ግቢ ያስገባው የለም።

እዚህ ላይ ለአርብቶ አደሩ ወገናችን እውነቱን መናገር ይገባናል። ፍየሏን አቦሸማኔ የበላባት እናት ግልገሎቹን ብታገኝ ኪሳራዋን ለማካካስ ልትሸጣቸው ብታስብ አያስገርምም። በድርቅ ለተጎዳ ቤት አንዲት ፍየል ትልቅ ሀብት ናት። ሆኖም ለእሷ የሚደርሳት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ብዙውን የሚወስደው ደላላውና ባሕር ማዶ ያለው ነጋዴ ነው። ፍየሏ የምትድነውም በሌላ መንገድ ነው። በናሚቢያ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለገበሬዎች ከቡችላነታቸው ከመንጋ ጋር ያደጉ ትላልቅ ጠባቂ ውሾች ይሰጧቸዋል። አቦሸማኔ መጋደልን የማይወድ ድንጉጥ አውሬ ስለሆነ የውሻ ጩኸት ሲሰማ ይሸሻል። በዚህ መንገድ የገበሬዎቹ ኪሳራ በእጅጉ ቀንሷል፤ አቦሸማኔውም ከጥይት ተርፏል። እንግዲህ ሁለቱ ጉዳዮቻችን የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በሚገባ የተያዘ፣ የተከተበና የጠገበ ውሻ ፍየሏንም ግልገሉንም ያድናል። የተለቀቀና የተራበ ውሻ ግን ራሱ ሌላ አውሬ ይሆንብናል።

ስለ ሕጉም ማወቅ ይገባል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ጀምሮ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝና መነገድ በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አቦሸማኔን በአገሮች መካከል መነገድም በዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታግዷል። ገዢ ይበዛባቸው ከነበሩት አገሮች አንዷ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እንኳ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አደገኛ አውሬ በቤታቸው እንዳያሳድጉ ከልክላለች።

በዚህ መሠረት ማኅበራችን ነዋሪውን የሚያሳስበው የሚከተለውን ነው፦

1. ውሻ ያለው ሁሉ ቀን ቀን ይሰር፣ ወይም አጥሩን ያጥብቅ፤ ተማሪዎች በሚያልፉበት ሰዓት በር ከፍቶ አይልቀቅ።

2. ውሻውን በየዓመቱ ያስከትብ። ክትባት መቼና የት እንደሚሰጥ የወረዳውን የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች መጠየቅ ይቻላል። አንዱ ከሚሄድ አሥር ሆነን ብንጠይቅ ይሻላል።

3. ማሳደግ የማይችል ሰው ቡችሎችን ገበያ ዳር አይጣል። የዛሬ ቡችላ የነገ መንጋ ነው።

4. የሥጋ ትርፍራፊና የታረደ ከብት አንጀት በየሜዳው አይጣል። ባለቤት የሌለውን ውሻና ጅብን የሚጠራው ይኸው ነው።

5. ማንም ሰው የዱር ግልገል ቢቀርብለት «አዝኜለት ነው» ብሎም ቢሆን አይግዛ። ለአንዱ የተከፈለ ገንዘብ ሻጩን ሌላ ፍለጋ ይልከዋል። መግዛቱ ቀርቶ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ይናገር፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ እንዲደርስም ይጠይቅ።

ይህን ስንል ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከተማችን ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኛ ተቀብላ፣ ያላትን ውሃና ጥላ ተካፍላ የኖረች ናት። እንግዳን ያሳደረ ሕዝብ ለጎረቤቱ ልጅ ማሰብ አያቅተውም። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ልጅ ከተነከሰ በኋላ መሯሯጥ፣ ግልገሎቹም ጠረፍ ከተሻገሩ በኋላ «አይ ወሬውን ሰምቼ ነበር» ማለት ከዚህ አይለይም። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ወደ ቤቱ ሲገባ የአጥሩን ቀዳዳ ይመልከት፣ ውሻው መቼ እንደተከተበ ያስብ። ካልተከተበም ነገ ጠዋት ጎረቤቱን ጠርቶ አብረው ይሂዱ።