ወጥ መሥራት ተሰጥዖ አይደለም

«ወጥ መሥራት አልችልም» የሚል ተማሪ የጎደለው ተሰጥዖ ሳይሆን ልምምድ ነው። የምስር ክክ ወጥን እንመልከት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በአየር ግፊት ማነስ ምክንያት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ክኩም ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። ጀማሪው ግን ቸኩሎ እሳቱን ያበረታል። ውኃው አንዴ ከፈላ ወዲያ ትርፉ እሳት እንፋሎት ያበዛል እንጂ መጠነ ሙቀቱን አይጨምርም፤ ወጡ ያርራል፣ ማገዶውም በከንቱ ያልቃል።

እንግዲያው ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቶ፣ በርበሬና ውኃ ጨምሮ፣ ሲፈላ የታጠበውን ክክ መክተት፤ ከዚያም እሳቱን ቀንሶ፣ ድስቱን ከድኖ፣ አልፎ አልፎ እያማሰሉ መጠበቅ ነው። ጨው በመጨረሻ ይጨመራል።

ማጀትን ለእናቱና ለእህቱ የተወ ወንድ ተማሪ ግን በወሩ አጋማሽ ኪሱ ምግብ ቤት ይቀራል። የመፍላትን ሕግ ለፈተና ካጠናን፣ ለራታችንም ልናውለው ይገባል።